አሸዋው ውስጥ የቀረው ድንኳን

እኛ ቀበሌ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው የቆቦ ሜዳ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ያገኘዋል። ጠዋት ጉም ይሸፍነዋል፤ ጉሙ ሲነሳ ከሜዳው ወዲያ ማዶ የዞብል ተራራ ብቅ ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው የኖርኩት ሜዳ ነው። ለገበያ ቆቦ ከተማ ወርጄ አውቃለሁ፤ ከአስፋልቱ ወዲያ ግን እግሬ ረግጦ አያውቅም። የእኛ ሰው ብዙው እንደኔው ነው። ቆላ ለእኛ ከላይ ሆነን የምናየው ነገር ነው። ስለዚህ ይህን ማስታወሻ ወርደው ለማያዩት ጎረቤቶቼ ጻፍኩት። የሄድኩት መንገድ ለማየትና ዕቃ ለመፈተን ነበር፤ ይዤ የተመለስኩት ግን አንድ ሐሙስ ነው። በዚያ ቀን የአንድ ገበሬ የዓመት እህል ወይ ይተርፋል ወይ ይጠፋል የሚባልበት ሰዓት ላይ ቆሜ ነበር።

ሥራዬ ስፌት ነው። ያስተማረኝ ሰው የለም። የተቀደደ የተጓዥ ሻንጣ ፈትቼ፣ እንዴት እንደተሰፋ አይቼ፣ መልሼ እየሰፋሁ ለመድኩት። ወደ ተራራው እንግዳ የሚያወጡ አስጎብኚዎች ድንኳንና የመኝታ ከረጢት እንድጠግንላቸው ያመጡልኛል፤ ቀስ በቀስ የጉዞውን ዕቃ መርጬ የማሰናዳውም እኔ ሆንኩ። ከአስጎብኚዎቹ አንዱ ጌትነት ነው፤ አብሮ አደጌ። ነሐሴ ላይ መጥቶ፣ እንግዶችን ከቆቦ አስነስቶ ሜዳውን አቋርጦ እስከ ዞብል ግርጌ የሚያደርስ አዲስ መንገድ ሊከፍት ማሰቡን ነገረኝ።

«መንገዱን እኔ አያለሁ፣ ምን ዕቃ እንደሚያስፈልግ አንተ ትወስናለህ» አለኝ።

ደጋ ላይ ጠላታችን ብርድ ነው። ስለዚህ ሳሰናዳ የመጣልኝ ሁሉ የብርድ ዕቃ ነበር፦ ሁለት ወፍራም የመኝታ ከረጢት ከነመክተቻ ሻንጣቸው፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ክብሪት፣ የግንባር ባትሪ፣ ጀሪካን፣ መርፌና ክር፣ መቀስ፣ የቁስል መጠቅለያ። ድንኳኑ የራሴ ሥራ ነው። ወለሉን ከመኪና ሸራ ነው የሰፋሁት፤ እኛ ዘንድ እርጥበት የሚመጣው ከታች ስለሆነ። መጨረሻ ላይ ረጅም የናይለን ገመድ ጠቅልዬ ጨመርኩ።

ጌትነት ገመዱን አንስቶ መዘነው። «ይሄን ሁሉ ምን ልታደርገው ነው? ቆላ እኮ ሜዳ ነው። በሬ ልትጎትት ነው?»

ገመዱን ተቀብዬ ሻንጣው ውስጥ መለስኩት። ያለ ገመድ ወጥቼ አላውቅም።

ማክሰኞ

ወደ ቆቦ የሚወርደው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ እየተጠማዘዘ ገደሉን ይወርዳል። ስንነሳ ሹራብ ለብሼ፣ በላዩ ጋቢ ደርቤ ነበር። ገና ጥቂት እንደወረድን ጋቢው ጭኔ ላይ ዐረፈ፤ ትንሽ ቆይቶ ሹራቡም ተከተለው። ጆሮዬ ተደፍኖ ተከፈተ። የገብሱ ማሳ አልቆ ጤፍ መጣ፤ ጤፉ አልቆ ማሽላ መጣ። ሚኒባሱ ቆቦ ሲቆም ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል።

መናኸሪያው በር ላይ ባጃጅ ያዝን። ሾፌሩ ድንኳኑን ከኋላ ሲጭን ጨርቁን በእጁ ዳሰሰው።

«ድንኳን ነው?»

«ነው» አለ ጌትነት።

«ለቅሶ ነው ሰርግ?»

«መኝታ ነው።»

«የማን መኝታ?»

«የኛ።»

ሾፌሩ በመስታወቱ ደጋግሞ አየን። «ቤት የላችሁም?»

ጌትነት ሳቀ። ሾፌሩ አልሳቀም።

ያረፍንበት ፔንሲዮን ባለቤት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። መታወቂያችንን ተቀብለው፣ ግድግዳው ሥር ያስቀመጥነውን ዕቃ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጆቼ፣ ከየት ተፈናቅላችሁ ነው?»

እንዳልተፈናቀልን፣ ሜዳ ላይ አድረን ለማየት እንደመጣን ጌትነት አስረዳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ እንዳላመኑ ፊታቸው ይናገራል። ማራገቢያ ያለበትን ክፍል በተራው ክፍል ዋጋ ሰጡን፤ ሳንጠይቅ የመጠጥ ውሃ ላኩልን። ፍልሰታ ስለነበር ራት በያይነቱ በላን፤ ለእኛ ትሪ አልጫው ሁለት ጊዜ ተጨመረ። እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የራሴን ድንኳን በሌላ ዓይን አየሁት። እኛ ጋ እንግዳ የሚዝናናበት ዕቃ ነው። እዚህ ሰው በቅርቡ ሳይወድ ኖሮበታል።

እኛ ቤት ቢሆን በዚያ ሰዓት እሳት ከብበን፣ ጋቢ ተከናንበን ነበር። እዚህ አንሶላውም ከበደኝ። ብርድ ልብሱን ጠዋት ለሴትዮዋ በአደራ አስቀመጥኩ። ከመረጥኩት ዕቃ ገና ሳይፈታ ፈተናውን የወደቀ የመጀመሪያው ነው።

ረቡዕ

ገበያ ወጥተን አጎበርና ሁለተኛ ጀሪካን ገዛን። ከከተማው መውጫ ላይ ፍተሻ አለ። አንድ ሚሊሻ ዕቃውን ፍቱ አለን፤ መንገድ ዳር አንድ በአንድ ዘረጋነው። ከሮቢት የሚመጡ መኪኖች ፍጥነት እየቀነሱ ያዩናል።

«ይሄ የግንባር መብራት ለምንድን ነው?»

«ለማታ» አልኩ።

«ማታ የት ልትሄዱ?»

«የትም። ለመኝታ ነው።»

«ለመኝታ መብራት ይጠፋል እንጂ ይበራል?» ገመዱን በእግሩ ነካው። «ይሄስ?»

«ለማንኛውም ነው።»

«ለማንኛውም ማለት ምን ማለት ነው?»

ላቤ በጀርባዬ ወረደ። እውነተኛው መልስ ያው ነበር። ጌትነት ጣልቃ ገብቶ የአስጎብኚነት መታወቂያውን አሳየ፣ የአዲሱን መንገድ ነገር ዘርዝሮ ተናገረ። ሚሊሻው ራቅ ብሎ ስልክ ደወለ። እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን ጠበቅን፤ ጥላው ውስጥ ግቡ ያለን የለም። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ለስለስ ብሎ ነበር። «ሂዱ። ሰው ካለበት አትራቁ። የሚያውቃችሁ ሰው ቤት ሳትይዙ አታምሹ» አለን። ድንኳኑን መልሼ ስጠቀልል መጠቅለያው እንደ ወትሮው አልገጠመልኝም።

ባጃጅ ሆርማት ድልድይ ላይ አወረደን። ወንዙን ተከትለን ወደ ዞብል አቅጣጫ በእግር ተጓዝን። ወንዝ ማለቴ አሸዋ ነው። የእኛ ወንዝ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ በበጋም ቢሆን ክር የምታህል ውሃ አታጣበትም። ይህ ግን ሰፊ፣ ጠፍጣፋና ደረቅ ነው፤ ኳስ ሜዳ በኳስ ሜዳ ተቀጣጥሎ የተዘረጋ ይመስላል። ግራና ቀኝ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው። ቅርብ ሆኜ ሳየው ቅጠሉ ተጠቅልሏል፤ መሬቱ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተሰነጣጥቋል።

ድንኳን መትከያ ቦታ ፈለግን። ማሳው ዳር ያለው መሬት ካስማ አላስገባ አለ፤ ሁለቱ ተጣመሙብኝ። አሸዋው ላይ ግን የግራር ጥላ ነበረ፤ ለስላሳ፣ ንጹሕ፣ ደልዳላ። ካስማው ስለማይዝ ድንጋይ ቀብረን ከድንጋዩ ጋር አሰርነው። ሥራዬን ዞሬ አየሁት፤ ያለ ነውር የተተከለ ድንኳን ነበር።

ጌትነት ገና ጫማውን ሳያወልቅ አንድ ሰው ከማሽላው መሐል ወጡ። ረዘም ያሉ፣ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሁለት እጃቸውን የሰቀሉበት። ሰላምታቸው ረጅም ነው። ደህንነታችንን ጠየቁ። ከዚያ የወላጆቻችንን፣ የከብቱን፣ የአዝመራውን፣ የአገሩን ሰላም። ለእያንዳንዱ መልስ ይጠብቃሉ፤ ለእያንዳንዱ «አልሀምዱሊላህ» ይላሉ። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ድንኳኑን እንኳ አላዩትም። ስማቸው አያ ይመር ነው።

«ይሄን የተከላችሁት እናንተ ናችሁ?»

«አዎ አያ» አልኩ።

«አንሱት።»

ጌትነት ወደ ላይ አየ። «አያ፣ ሰማዩን ይዩት እንጂ። አንድ ዳመና የለበትም።»

«አየሁት። የኔ ሰማይ እሱ አይደለም።» ዱላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወደ ምዕራብ ጠቆሙ። «የኔ ሰማይ ያ ነው።»

ዞሬ አየሁ። የተወለድኩበት ገደል ነበር። ከታች ሆኜ፣ ከዚያ ርቀት አይቼው አላውቅም። ሰማያዊ ግድግዳ ይመስላል፤ አናቱ ላይ ነጭ ዳመና ተቀምጧል።

«እኔ ከዚያ ነኝ» አልኩ።

«ከየት?»

«ከዚያ። ከገደሉ አናት።»

አያ ይመር ከገደሉ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያ ጎረቤቴ ነህ። ያ ውሃ ባንተ ደጅ አልፎ ነው እኔ ጋ የሚመጣው።»

ድንኳኑን ነቅለን ተከትለናቸው ሄድን። ቤታቸው ከወንዙ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ባለቤታቸው እማ ዘሀራ ገና ሳንቀመጥ በትልቅ ቅል ወተት አቀረቡ። እንደምንጾም ስንነግራቸው ቅሉን መልሰው ወሰዱና የማሽላ እንጀራ በተልባ አመጡ።

«ጾማችሁ ገላገለን» አሉ አያ ይመር እየሳቁ። «ያለዚያ ፍየል አርጄ፣ እናንተ በቢላዬ አልበላም ብላችሁ ልንኳረፍ ነበር።»

ከምሳ በኋላ ወንዙ ዳር ወስደው ሥራቸውን አሳዩኝ። ከዳሩ ተነስቶ አሸዋው ውስጥ ሰያፍ የገባ ረጅም ክንድ ነው፤ ከድንጋይ፣ ከእሾህና ከተከመረ አሸዋ የተሠራ። ጎርፍ ሲወርድ ክንዱ ከጎርፉ ጥቂቱን ይጠልፍና ወደ ቦይ ያስገባል፤ ቦዩ ወደ ማሳ ይወስደዋል። እዚህ ሰው እህሉን የሚያጠጣው በሌላ አገር ዝናብ ነው። ዘንድሮ ሜዳው ላይ ዝናቡ ቀድሞ ቆመ፤ ደጋሊት የሚሉት ማሽላቸው ደግሞ ገና ራሱን ሊያወጣ በሆዱ ይዞ ነበር።

«አንድ ጎርፍ» አሉኝ። «ሌላ አልፈልግም። አንድ ካጠጣሁት ያፈራል። ካላጠጣሁት አገዳ ነው፤ ለከብት። ከብቱም አይቆይም፤ በሬዎቹን ሸጬ እህል ልገዛበት ነው።»

ልጃቸው ሰይድ ዐረብ አገር ነው። ክንዱን የሠሩት እሳቸውና እማ ዘሀራ ብቻ ናቸው።

ድንኳኑን ግቢያቸው ውስጥ፣ ከአገዳው ክምር አጠገብ ተከልኩት። ውስጡ ግን ምድጃ ሆነ። ውጭ ምንጣፍ ላይ አጎበር ሰቅለን ተኛን። የመኝታ ከረጢቶቹን አልፈታኋቸውም። አያ ይመር ከመተኛታቸው በፊት ደጅ ወጥተው ወደ ምዕራብ ሲያዩ ቆዩ።

ሐሙስ

ጠዋት ክንዱ ተበጥሶ አገኘነው። አሸዋ የሚጭን ከባድ መኪና፣ የማን እንደሆነ ያየው የለም፣ በላዩ ተሻግሮ ሄዷል። የጎማው ፈለግ በግልጽ ይታያል። መሐሉ ላይ ባለ ጎማ ጋሪ የሚያሳልፍ ክፍተት ተፈጥሯል፤ ድንጋዩ ወዲህና ወዲያ ተበትኗል።

አያ ይመር አልጮኹም። ዱላቸውን አሸዋው ላይ አስቀመጡ፣ ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ አነሱና ወደ ቦታው መለሱ። ከዚያ ሌላ።

«የሚያግዝ ጎረቤት እንጥራ?» አለ ጌትነት።

«ሁሉም የራሱ ክንድ ላይ ነው። ዛሬ ማን የራሱን ትቶ ይመጣል?»

ያን ቀን እስከ ዞብል ግርጌ ልንሄድ ነበር ያሰብነው። ተያየን። ጌትነት ሸሚዙን አወለቀ። እማ ዘሀራ እሾህ ቆርጠው ይጎትታሉ፣ እኛ ድንጋይ እንሸከማለን፣ አያ ይመር ይደረድራሉ። ድንጋዩ ያቃጥላል። እኛ አገር በዚህ ወር ድንጋይ ስታነሳ እጅህን ይቆርጥሃል ከቅዝቃዜው። ጀሪካኖቹ ገና ፀሐይ ሳትጠነክር ባዶ ሆኑ፤ እማ ዘሀራ ሄደው ሞልተው መጡ። ለደጋ ቀን በቂ የምለው ውሃ እዚህ ለጠዋት አልበቃም።

ቀትር ካለፈ በኋላ ቀና ስል የገደሉ አናት አልታየኝም። ነጩ ዳመና ጠቁሮ ግድግዳውን ሸፍኖታል። በላያችን ያለው ሰማይ እንዳለ ነው፤ ሰማያዊ፣ ባዶ። ኔትወርክ የሚይዘው ዳሩ ላይ ካለው ኩይሳ አናት ብቻ ነው። ወጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ እየዘነበ ነው?»

«ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ጣራውን ሊበሳው ነው። በረዶ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጸሎት ስንገባ ጀመረ፣ አላባራም። በጎቹን ላስገባ፣ ዝጋው።»

ሮጬ ወርጄ ነገርኳቸው። አያ ይመር ወደ ገደሉ አዩ። «ከአስር ሶላት በፊት እዚህ ነው።»

ክፍተቱ ከግማሽ በላይ ተዘግቶ ነበር። የቀረው ግን ዋናው ነው። እሾህና ድንጋይ ብቻውን ውሃ ያሳልፋል፤ ከፊቱ የተከመረ አሸዋ ያስፈልገዋል፣ አሸዋው ደግሞ እንዲረጋ ጊዜ። ጊዜ አልነበረም። አያ ይመር በአካፋ ያፍሳሉ፣ አሸዋው በእሾሁ መሐል ሾልኮ ይወርዳል፣ መልሰው ያፍሳሉ። እማ ዘሀራ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በእጃቸው ይዝቃሉ። ማንም ማንንም አያይም።

ወደ ግቢው ሮጥኩ። ድንኳኑን ጣልኩትና በመቀሱ የወለሉን ስፌት መፍታት ጀመርኩ። ድርብ ስፌት ነው፤ እንዳይፈታ ብዬ የሰፋሁት። ጌትነት ተከትሎኝ መጥቶ ነበር።

«ምን እያደረግህ ነው? የምናድርበት እኮ ነው።»

«ያዝልኝ። ወጥረህ ያዘው።»

ያዘ። አንዱ ጠርዝ ላይ መፍታቱን ትቼ ቆረጥኩት።

ሸራውን እሾሁ ፊት ላይ አለበስነው፤ የታችኛውን ጠርዝ አሸዋው ውስጥ ቀበርነው። የመኝታ ከረጢቶቹን አውጥተን ጥለን መክተቻ ሻንጣቸውን በአሸዋ ሞላን፤ የእኔንና የጌትነትንም የጀርባ ሻንጣ። አንድ በአንድ ሸራው እግር ላይ ደረደርናቸው። የገመዱን አንድ ጫፍ ዳሩ ላይ ባለው ግራር ግንድ ዞር አድርጌ፣ ሌላውን ጫፍ ይዤ ወደ አያ ይመር ሄድኩ። ክፍተቱ ውስጥ ቆመው ነበር።

«ወገብዎ ላይ ልሰረው።»

«እንደ በሬ ልትጎትተኝ?»

ጌትነት ቀና ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ገመዱን አሰርኩላቸውና ወደ ግራሩ ተመለስኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት ከባድ መኪና ኮረኮንች ላይ ሲሄድ የሚመስል ድምፅ ነው። ወደ ድልድዩ አየሁ፤ መኪና የለም። ከዚያ ከላይ በኩል የሰው ድምፅ መጣ፤ «ወረደ፣ ወረደ» የሚል፤ ከአንዱ ክንድ ወደ ታችኛው ክንድ እየተቀባበሉት። እማ ዘሀራ ዳሩ ላይ ወጥተው፣ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ከእኛ በታች ላሉት አስተላለፉት። ከታች ሌላ ድምፅ ተቀበላቸው።

«አያ፣ ይውጡ» አልኩ።

«አንድ ሻንጣ ቀርቷል።»

«ይውጡ።»

«አብሽር፣ አቀብለኝ።»

ጌትነት አቀብሏቸው ዘሎ ወጣ። ጎርፉ ሲታይ እንዳሰብኩት ከፍ ያለ ግድግዳ አልነበረም። ዝቅ ያለ፣ ቡናማ፣ አረፋና ጭራሮ ከፊቱ የሚገፋ ነገር ነው፤ አሸዋውን እየላሰ ይመጣል። ዝቅታው አሞኘኝ። አያ ይመር ጋ ሲደርስ ጉልበታቸውን መታ፣ ወዲያው ወገባቸው ደረሰ፣ ከዚያ እግራቸው ከሥራቸው ጠፋ። ገመዱ ተወጠረ። መዳፌ ውስጥ እየሾለከ ቆዳዬን ይዞ ሄደ፤ ጌትነት ከኋላዬ ያዘ፣ እማ ዘሀራ ከጌትነት ኋላ። ግራሩ ባይኖር ሦስታችንም አንበቃም ነበር። ግንዱ ላይ እየጠመዘዝን፣ ትንሽ እየሳብን፣ መልሰን እየጠመዘዝን ወደ ዳር አመጣናቸው። በደረታቸው ተስበው ወጡ። አንድ እግራቸው ባዶ ነበር፤ ጫማው ሄዷል።

መጀመሪያ ያዩት ክንዱን ነው።

ሸራው ወደ ውስጥ ተነፋ። የሰፋሁት መጋጠሚያ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቆምኩ። ውሃው ክንዱን ተደግፎ ከፍ አለ፣ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ቦታ እንደሚፈልግ ከብት ወዲህና ወዲያ አለ። በውሃው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር። የገብስ ገለባ፣ የበግ በጠጥ። ሽታው የኛ ደጅ ሽታ ነው፤ ዝናብ ሲጀምር የሚሸተው። ከዚያ የውሃው ጫፍ ወደ ቦዩ ዘነበለ።

«ገባ» አሉ እማ ዘሀራ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ።

አያ ይመር «አልሀምዱሊላህ» ብለው ተቀመጡ። ብዙም አልተቀመጡም። አንድ እግራቸው ባዶ እንደሆነ አካፋ ይዘው ወደ ማሳው ሮጡ፤ ውሃው ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እንዲያልፍ መክፈትና መዝጋት ነበረባቸው። እኛም ተከተልን። ፀሐይ እስክትጠልቅ ጭቃ ውስጥ ስንሮጥ ቆየን፤ የተሰነጠቀው መሬት ሲጠጣ ድምፅ ያሰማል።

ማታ እማ ዘሀራ መዳፌን በሞቀ ውሃ አጥበው በያዝኩት መጠቅለያ አሰሩልኝ። ይህ ዕቃ እንኳ ቦታውን አልሳተም።

ዓርብ

ጠዋት ማሳው ጥቁርና ረግረግ ሆኖ አደረ። የማሽላው ቅጠል ተፈትቷል። ወንዙ ተመልሶ አሸዋ ሆኗል፤ ትናንት ያልነበሩ ግንዶች ተኝተውበታል። ከሸራው የሚታየው አንድ ጠርዝ ብቻ ነው፤ የቀረው በደለል ተቀብሯል። ሻንጣዎቹ የት እንዳሉ በግምት ነው የሚታወቀው።

አያ ይመር አካፋ ይዘው መጡ። «ድንኳንህን ላውጣልህ።»

«ካወጡት ክንዱ ይከፈታል።»

«ይከፈት። እኔ የፈለግኩት አንድ ጎርፍ ነበር።»

«ሁለተኛ ቢመጣስ?»

አካፋውን ተደግፈው ቆሙ። እኔ ጠርዙን በእግሬ አሸዋ አለበስኩት። የድንኳኑን የላይኛውን ክፍል እማ ዘሀራ ለጥጆቹ ጥላ አደረጉት፤ የመኝታ ከረጢቶቹን አጥበው አጥሩ ላይ አሰጧቸው። ልንወስዳቸው ብንችልም ተውናቸው። «ለዚህ አገር ማን ይለብሰዋል?» አሉ እማ ዘሀራ። «ሰይድ ሲመጣ ይተኛበታል» አልኳቸው። ከጁምዓ በፊት የማሽላ ቂጣ በፌስታል ቋጥረው ሸኙን፤ አያ ይመር እስከ አስፋልቱ በአዲስ ኮንጎ ጫማ አብረውን መጡ። ስልክ ተለዋወጥን። ገመዱን ብቻ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ፍተሻው ላይ ያው ሚሊሻ ነበር። ጭቃችንን፣ የታሰረ እጄን፣ ገመዱን አየ።

«ለማንኛውም» አለና አሳለፈን።

ፔንሲዮኑ ስንደርስ ሴትዮዋ በር ላይ ተቀበሉን። ከላይ እስከ ታች አዩን፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ድንኳኑንም ወሰዱባችሁ?»

በዚህ ጊዜ ጌትነትም አላስረዳም። ገላችንን ታጠብን፣ በአደራ የተቀመጠውን ብርድ ልብስ ተቀበልን፣ ወጣን። መኪናው ገደሉን ሲወጣ መጀመሪያ ሹራቡን፣ ቀጥሎ ጋቢውን መልሼ ለበስኩ።

ከተመለስን በኋላ ጌትነት ለቆላው መንገድ ዕቃ ምረጥልኝ አለኝ። መረጥኩለት። ከደጋው በእጥፍ የሚበልጥ ውሃ፤ ወፍራም ነገር የለም፤ አጎበር፤ የቁስል መጠቅለያ፤ ከታች ጠንካራ ሸራ። ድንኳኑ ከሰው ግቢ ውስጥ እንዲተከል፣ አሸዋ ላይ ማንም እንዳይተኛ። ገመዱን ሳይጠይቀኝ ራሱ ጻፈው። አንድ ነገር ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ከላይ ሆኖ የሚደውል ሰው ነው። እሱን እዚሁ አገሩ ላይ ትቶ መሄድ ያስፈልጋል።

አያ ይመር በየሳምንቱ ይደውሉልኛል። ሰላምታቸው ስልክም ላይ አያጥርም፤ እናቴን፣ በጎቹን፣ ገብሱን፣ የጌትነትን እናት ጭምር ይጠይቃሉ። ማሽላው ራሱን አውጥቷል፤ ፍሬው እንዲሞላ ግን ሌላ ውሃ ቢያገኝ መልካም ነበር ብለውኛል።

ባለፈው ቅዳሜ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ቀና ብዬ ወደ ገደሉ አየሁ። ሜዳው ፀሐይ ነው። በላዬ ግን ጥቁር ነበር፤ ጠብታው ወዲያው ወፈረ። ደጅ የተሰጣውን ልብስ ሳላነሳ ደወልኩ።

«አያ ይመር፣ እየዘነበ ነው።»

«ከየት በኩል?»

«ከገደሉ በኩል። ከባድ ነው።»

ደህና ነህ ወይ አላሉኝም። ስለ እናቴም ስለ በጎቹም አልጠየቁኝም። ስልኩን ዘጉት።